አሥራ ዘጠኝ በመቶ

ሌሊቱ ገና አልነጋም። ቺሎኤ ደሴት ላይ ዝናብ
የእንጨት ጣሪያ ይቆጥራል፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ ሒሳብ።
ኤዴልሚራ ካርካሞ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ
ስክሪኑን ትከፍታለች፤ ቀኗ የሚጀምረው በዕዳ።

የወንድሟ ልጅ ሊሳንድሮ ነው የጫነላት ይህን ሶፍትዌር፤
«አክስቴ፣ ዓይንሽ አይልፋ፣ እሱ ያንብብልሽ» ብሏት ነበር።
እውነቱን ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከመንገዶች ቢሮ የወጣ ጨረታ፣
ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ነፍቶ ሦስት አስቀረ በአንድ ማታ።

የጤና ኬላ አጥር፦ ሰማንያ አንድ በመቶ። አረንጓዴ።
የትምህርት ቤት ቀለም፦ «ይቻላል፤ ዋጋሽን አስልተሽ፣ በዘዴ»።
ሦስተኛው፣
እጇ ኩባያው ላይ ቀረ፣
የፒልኩራ ወንዝ ድልድይ።
አሥራ ዘጠኝ በመቶ። ቀይ።

ምክንያቱን ዘርዝሮታል፣ ሳይቆጣ፣ ሳያሽሟጥጥ፦
የዋስትናው ገንዘብ ከዓመት ገቢሽ የሚበልጥ፤
ክሬን የለሽም፤ ከፖርቶ ሞንት ሦስት ኩባንያ ይመጣል፤
ያለፉትን አምስት ድልድዮች አንዱ ዋጋ ሰብሮ ወስዷል።
«አትወዳደሪ»።

እሷ ግን እርሳስ አነሣች። የብረቱን፣ የሲሚንቶውን፣
ማዕበል ሲነሣ ጀልባ የማይሻገርበትን ቀን፣
የሠራተኛውን ምሳ፣ የአሮጌውን መኪና ጎማ
ደመረች፣ ቀነሰች፤ ደመረች፣ ቀነሰች ደግማ።
ሒሳቡ እንደ እልኸኛ በቅሎ እዚያው ቦታው ላይ ቆመ።
ማሽኑ አልተሳሳተም። ያ ነው ይበልጥ ያመመ።

ቢሳሳትማ ትሰድበው ነበር።

የማያውቀው አንድ ነገር ነው፦ የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት
እዚያው ወንዝ ዳር ሲሚንቶ ስታቦካ በቀን ሥራተኝነት፣
የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ አለቃው ዞር ሲል፣ በምስማር
ያልደረቀው ኮንክሪት ላይ ሁለት ፊደል ጭራ ነበር።
ያለ ፖስታ፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ ዋስትና፣ ያለ ተቀናቃኝ፤
ጨረታ ማለት ለሷ ያ ነው፣ የመጀመሪያው፣ ያ ብቸኛ ጭረት።

ለአጥሩ ተወዳደረች። አሸነፈች። ሰማንያ አንድ ማለት ይኸው ነው።

በጥር፣ የደሴቱ በጋ፣ አዲሱ ድልድይ ላይ ስትደርስ
መኪናዋን አቁማ ወረደች፣ ከሥሩ ገብታ ልትዳስስ።
ብየዳውን በአውራ ጣቷ። ስንጥቅ ፈለገች። ዝገት ፈለገች።
(ክፋት አይደለም፣ ሙያ ነው። እሺ፣ ጥቂት ክፋትም አለበት።)
ምንም።
«ጥሩ ሠርተዋል» አለች ለወንዙ።

የአሮጌውን ድልድይ እግር ግን አላፈረሱትም፤
ማፍረስ ውሉ ውስጥ አልነበረም።
በሸሚዟ እጅጌ እድፉን ጠረገችለት፤
ሁለቱ ፊደል አሉ፣ አንደኛው ትንሽ ተበልቷል።

ማታ ፋይሉን ሊዘጋ ስክሪኑ ጠየቃት በትሕትና፦
«ያልተወዳደርሽበት ምክንያት?»
ዋጋ። ርቀት። የጊዜ እጥረት። ዋስትና።
ጣቷ ወረደ፣ ወረደ፣ ከታች ካለው ደረሰ፦
«ሌላ»።
ነካችው። ማብራሪያ የሚጻፍበት ሳጥን ተከፈተ።
ባዶውን ተወችው፤
መብራቱን አጠፋች።