አድራሻ ሦስት

ሎድ ከተማ፣ ከሀዲዱ አፋፍ፣ በኤፊም ወጥ ቤት፣
የሽንኩርት መክተፊያው ላይ ሎኮሞቲቭ ተኝታለች፣ ልብሷ ተገፎ፤
ከመሐል ጣቴ አትረዝም።
እውነተኛው ባቡር በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ
ብሎኖቿ በሻይ ሰሃን ላይ ይጨፍራሉ፤
እጃችንን አንስተን እንጠብቃለን፣ እስኪያልፍ።

«ሠላሳ ዓመት» ይላል ኤፊም፣ «ካርኪቭ ላይ
የትልልቁን ሞተር ሽቦ ጠምጥሜያለሁ፤
ዛሬ ለገዛ እጄ እንግዳ ሆኛለሁ።
ስንሻው፣ የብየዳውን ብረት አንተ ያዝልኝ።»
ያዝኩለት። ቀን የጣቢያ ምልክት መብራት ጠጋኝ ነኝ፤
ማታ ማታ የሽማግሌ ጣት ነኝ።

መጀመሪያ በምርጫው ተጣላን።
እሱ ድምፅ ያለውን ዲኮደር ፈለገ፦ ፊሽካ የሚነፋ፣
እንደ ናፍጣ የሚያጉረመርም፣ ሲቆም ፍሬኑ የሚያፏጭ።
እኔ ለካሁ፦ ከሞተሩ በላይ ያለው ባዶ ቦታ
ዘጠኝ ሚሊሜትር በስድስት፤ ከፍታው ሦስት እንኳ አይሞላ።
«ድምፁ ይግባ ካልክ» አልኩት፣ «ሞተሩ ይውጣ።»
ኮረፈ። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣ።
ቆይቶ፣ በመስኮት እያየ፣
«ድምፁንስ» አለ፣ «ከታች በነፃ ይሰጡናል።»
ትንሿን አዘዝን፣ ዲዳዋን፣
ከአውራ ጣት ጥፍር የምታንሰውን።

የመጀመሪያዋን አቃጠልኳት።
ከሞተሩ ብሩሾች አንዱ፣ ከሥር፣ ለዓይን በማይታይ በኩል
የብረት አካሏን እንደነካ ቀርቶ ነበር።
በድሮው አሠራር ይህ ነውር አልነበረም፤
ሀዲዱም አካሉም ሞተሩም አንድ ቤት ነበሩ።
ዲኮደር ግን መሐል ገብቶ የሚያስማማ ሽማግሌ ነው፤
ሁለቱ በጓሮ ከተነካኩ
እሱ ነው በእፍረት የሚቃጠል።
አንዲት ክር ጭስ፣ የተለበለበ ፀጉር ሽታ፤
መቶ ሰባ ሼቅል በአንድ ትንፋሽ።
ኤፊም አልተቆጣም።
«ጭሱን መልሰህ ክተተው» አለኝ፣ ይኸው ብቻ።

ሁለተኛዋ ስትመጣ ሥሩን ፈተሽኩ፤
ሙቀት የሚችል ቢጫ ፕላስተር አለበስኩት።
ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ
ቀዩንና ጥቁሩን ከሀዲድ ለሚመጣው፣
ብርቱካንማውንና ግራጫውን ለሞተሩ፣
ነጩን ለፊት መብራት።
ቢጫውን ቆርጬ ጠቀለልኩት፤ ይህች የኋላ መብራት የላትም፣
ወደ ኋላ ስትሄድ በጨለማ ነው።

«አዲስ ዲኮደር ሁሉ» አለ ኤፊም፣
«ከፋብሪካ የሚወጣው በአንድ ስም ነው፦ ሦስት።
ባለቤቱ ሌላ እስኪያወጣለት ሁሉም ሦስት።»
ሳቄ መጣ።
በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ በመጣን በሳምንቱ፣
ጸሐፊዋ «ስንሻው» ምላሷ ላይ አልዞር ቢላት
«ያኮቭ» ብላ ጻፈች። ከኋላዬ የቆመውንም ያኮቭ፣
ከእሱ ኋላ ያለውንም፤ ሐሙስ ነበር፣ መሽቶባታል።
ነርሷ ለክትባት «ያኮቭ!» ብላ ስትጠራ
አራት ሆነን ብድግ እንል ነበር።
አምስተኛው፣ መርፌ የሚፈራው፣ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ፣
«እኔ ታከለ ነኝ» ይል ነበር፣ ያን ቀን ብቻ።

ሀዲዱ ላይ አስቀመጥናት። ኤፊም መቆጣጠሪያውን ያዘ፤
እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ ወይም እኔ አላየሁም።
ሦስትን ተጫነ፣ ቁልፉን በቀስታ ዞር አደረገው።
ሄደች። ሳትደናበር፣ ሳትንደረደር፣
የመብራቷን ነጭ ነጠብጣብ
በስኳር ጣሳው ጥላ ላይ እየጎተተች።

ከዳቦ ሳጥኑ ጎን፣ በተጠባባቂው ሀዲድ ላይ
ቀይዋ ቆማ ነበር፤ ከሃይፋ ሰውዬ ያገለገለች የገዛናት፣
ዲኮደሯ ከሆዷ የመጣ፣ ማንም ስም ያላወጣላት።
እሷም ተነሳች።
አንዷን ጠርተን ሁለቱም «አቤት» አሉ።

ኤፊም ሊያቆማቸው ጣቱን ሰነዘረ።
«ተው» አልኩት፣ «አንድ ዙር ይሂዱ፤
ስሙን ነገ እናወጣለን።»
ከታች የቤርሼባው ባቡር መጣ፤
ሰሃኑ ላይ አንድ ትርፍ ብሎን ይጨፍር ጀመር፣
ከየት እንደተረፈ ሁለታችንም አልጠየቅንም።