ልፈጭ ነው!

አቶ ቢያድግልኝ ደወሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ ቁጣ፤
«ያሳደግከው ልጅ ወደቀ፤ ያሳደገ ነው የሚቀጣ።»

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ከጭማቂ ቤቱ በላይ፣
ደረጃው ከሚያቃስትበት፣ አንደኛው ፎቅ ላይ፣
እሑድ ዕለት አሮጌውን ፕሮሰሰር በካቻቪቴ ፈትቼ፣
አዲሱን (አዲስ እንኳ አይደል) ቦታው ላይ አስገብቼ፣
ሜክሲኮ ነው፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ያገኘሁት፣
«ከእንግዲህ ንፋስ ነው» ብዬ፣ ሒሳቤን ይዤ የወጣሁት።

ናሁሰናይ የሚባል ተመራቂ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣
ሰማንያ ሦስት ገጹን ታቅፎ፣ ዱካ ላይ ተጎልቶ፣
ያየኛል፤ እንደ ሐኪም አይደለም፣
እንደ ገዳይ።
«ገጽ አርባ ላይ ስደርስ ጭልም ይላል» አለች ርብቃ ጸሐፊዋ።
«ሰማያዊ ያሳያል?»
«የለም። ዝም ነው። እንደ ተቀየመ ሰው።»

ሙቀት መሰለኝ፤ ማራገቢያውን ፈታሁ፣
ነጩን ቅባት፣ አተር የምታክል፣ እንደገና ቀባሁ።
በራ። ጻፈች። ጠፋ።
ሚሞሪውን አውጥቼ፣ ጥርሱን በላጲስ ጠረግሁ፣
አንዱን ነቀልሁ፣ አንዱን ተከልሁ፣ ቦታ አለዋወጥሁ።
በራ። ጻፈች። ጠፋ።
ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ስጭን ከሰዓቱ አለቀ፤
«አሮጌው ምን በደለህ?» አሉኝ፤ ምራቄ ደረቀ።

ባዮሱ ቀረ። ቦርዱ ያረጀ ነው፣ እንግዳውን አያውቅ ይሆናል፤
ስሙን ያልነገሩትን ሰው ማን አድርጎ ያስተናግዳል?
ግን ባዮስ ሲታደስ መብራት ከሄደ፣
ቦርዱም አብሮ ሄደ፤
መንገዱ ደግሞ ሰሞኑን እየተቆፈረ፣
መብራቱ ሲመጣም ሲሄድም ሳይናገር ከረመ።
ከፎቶ ቤቱ ዩፒኤስ ተዋስን፤
ባትሪው ማበጡን ኋላ ነው ያየን።
ስድስት ደቂቃ። ማንም አልተነፈሰም።
ናሁሰናይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ዋቢ መጻሕፍቱ፣ አልጠየቅሁትም።
መቶ አለ። ተነሣ። አጨበጨብን።
ርብቃ ጻፈች፤ ገጽ አርባ፣ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣

ጠፋ።

ያኔ ጣቷን አነሣች፤ «እስቲ ዝም በሉ፣ ስሙ።»
ከወለሉ ሥር አንዳች ነገር ግርርር ይላል።
«አቮካዶ በታዘዘ ቁጥር ነው» አለች፣
«እኔ እኮ አሁን ነው የገባኝ፤ አቮካዶ በታዘዘ ቁጥር ይሞታል።»

ወረድሁ እየሮጥሁ። ጀሚላ መፍጫዋን እንደያዘች፣
«አጥፊው፤ አሁን ደግሞ አብሪው» ብላት፣ አበደ ብላ አየችኝ።
ከላይ፦ «ጠፋ!»
ደግመን። «ጠፋ!»
ሁለት ማንጎ፣ አንድ ስፕሪስ፣ ሒሳቡ በእኔ ዞረ፤
ምርመራውም በዚሁ ሰመረ።

ለካ መፍጫው ሲነሣ መስመሩ ያዛጋል፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፤
አሮጌው ትንሽ በልቶ አዳሪ ነበር፣ በጥቅሻ አይጎድል፤
አዲሱ ሆዳም ነው፤ ያ የዛገ ፓወር ሳፕላይ ደግሞ፣
ዐሥር ዓመት ከእጅ ወደ አፍ ሲያጎርስ ኖሮ ደክሞ፣
አልቻለውም።
እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ አሳደግሁ ስል፣ ቀለቡን ሳልጨምር።
ይህን ስነግራቸው አቶ ቢያድግልኝ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ፤
«እኔንም መሥሪያ ቤቴ እንዲሁ አሳደገኝ፣ ወንበር ብቻ፣ ደሞዝ ሳያመጣ።»

ፓወር ሳፕላዩ ለቅዳሜ ነው፤ ገንዘቡ አልሞላም፤
ጽሑፉ ግን ለነገ ጠዋት ነው፣ ቅዳሜን አይጠብቅም።
ስለዚህ ተስማማን፦
ጀሚላ ከመፍጨቷ በፊት፣ በመጥረጊያ እንጨት
ጣራዋን ሁለቴ መትታ፣ ትጮሃለች፦ «ልፈጭ ነው!»
ርብቃ ሴቭ አድርጋ ታጠፋለች፣ እጇን አንስታ ትጠብቃለች፤
ግርርሩ ሲያልቅ፣ ከተወችበት ፊደል ትነሣለች።

አንድ ሰዓት ላይ፣ ገጽ ሰማንያ ሦስት ሊወጣ ሲል ከፕሪንተር፣
ናሁሰናይ ጥሙ አስገድዶት ወረደ፣ ቆመ ከባንኮኒው ጥግ፤
የተደረደረውን አቮካዶ አየ። ጣራውን አየ።
ምራቁን ዋጠና፣
«ውኃ ስጪኝ» አለ።