የብይ እምብርት

የላውሻ ቤቶች ጥቁር ናቸው ሁሉ፣
እንደ ዓሣ ቅርፊት ድንጋይ ደርበው ያሉ።
ጥዱ ከላይ ቆሞ፣ ጭሱ ከታች ነግሶ፣
ቀኑ እዚያ አገር ያልፋል ማታውን ለብሶ።
ቀለም የት አለ ታዲያ? ብለህ ብትጠይቅ፣
የትራውጎትን በር ገፋ አድርገህ ዝለቅ።

ነጭ ዘንግ፣ ቀይ ዘንግ፣ ሰማያዊም አለ፣
በጠራ ብርጭቆ እየተጠቀለለ።
አባት ጫፉን ያከራል፣ ልጅ ወደ ኋላ ይሄዳል፣
ቀለሙ እንደ ፈትል ተጠማዞ ይወርዳል።
መቀሷ ጉድ ናት፤ ጫፏ ላይ ጽዋ ያላት፤
የጋለችውን ጠብታ እንደ ሕፃን አቀፈቻት፤
አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስተኛው ሲሞላ፣
ቀጭ! እትብት ተቆረጠ፤ ተለየች ከገላ።

የተቆረጠችበት፣ ያች ሻካራ ነገር፣
በጣት ካልዳሰሷት ለዓይን የምትሰወር፣
እሷ ናት እምብርቷ። ኤርድሙተ ሚስቱ
ስትቆጥር ታውቃታለች፤ ጨለማ ነው ቤቱ።
መቶ ሲሞላላት በእርሳስ መስመር ትጭራለች፣
የደማ ጣቷን ልሳ እንደገና ትቆጥራለች።
ነጋዴው ከዞነበርግ ቅዳሜ ሲመጣ፣
የጎበጠች ይፈልጋል ሒሳቡን ሊቀጣ።

ዱቤ ከዱቤ በላይ፣ ድንች ከድንች በታች፤
ክረምቱ ረዘመ፣ ትንሿ ልጅ ከሳች።
ቤቱን ብይ ሞልቶታል፣ መደርደሪያው ከብዶ፤
ልጅቷን «ብይ» የሚላት ጠፋ ድስት ጥዶ።
(በእኔ ቋንቋ ቃሉ መንታ ነው፤ በእነሱ አይደለም።
ረሃብ ግን አስተርጓሚ ፈልጎ አያውቅም።)

አንድ ሌሊት ትራውጎት ሳይታዘዝ ሠራት፤
ጥፍር የምታህል ዶሮ ከሸክላ ቀረጻት፤
በጋለ ብርጭቆ ውስጥ በዝግታ ቀበራት።
ሲነጋ ብር መሰለች፣ ሸክላነቷ ጠፋ፤
ዜልማ ወደ መስኮቱ አነሣቻት በተስፋ።
«መቼ ትጥላለች?» አለች። አባትየው ሳለ።
«ገና እንቁላሏ ውስጥ ናት» አለ፤ ዓይኑን ከለለ።

በርሜሉ ሐምቡርግ ወርዶ፣ መርከብ ላይ ተጭኖ፣
የማዶ ልጆችን ኪስ ሞላ ሀብት ሆኖ።
የኦሃዮ ልጅ አቧራ ላይ ተንበርክኮ ሲያነጣጥር፣
ላውሻ ማን ናት ብሎ አልጠየቀም፤ ምን ቸገረው ነበር?

ከዚያ ጦርነት መጣ። መርከቡ ቀረ። ልጅየውም ቀረ፤
ያ ወደ ኋላ የሚሄደው፣ ወደ ፊት ሂድ ተብሎ ተቀበረ።
ትእዛዙ ተለወጠ። የሚፈለገው ዓይን ነው፣
ከጦር ሜዳ ለተመለሱ፤ ሰማያዊ በዛ፣ ያውም የግራው።
ማዶ መኪና ብይ ይተፋል፤ ልሙጥ፣ እኩል፣ ርካሽ፤
እምብርት የላትም፣ ብትፈልግ ብታሽ።
መቀሷን ምስማር ላይ ሰቀላት።
ዝገት ጽዋዋን ጠጣላት።

ዛሬ ሻጩ ጓንት አጥልቆ መብራት ስር ያዞራታል፤
ገዢው በአውራ ጣት ጥፍሩ እምብርቷን ይፈልጋታል።
ሲያገኛት ፈገግ አለ። ዋጋው በእሷ ነው የሚወጣ፣
ያኔ ሻካራ ናት ተብላ ነጋዴ በምታስቆጣ።
ማን ቆረጣት አላለም፤ እሱንም ምን ቸገረው።

ወረቀቱ «ሠሪው አይታወቅም» ይላል። እውነት ነው።
ትራውጎት፣ ኤርድሙተ፣ ዜልማ ያልኳቸው
እኔ ነኝ፤ ጠባሳዋን አይቼ ስም ያወጣሁላቸው።
እትብት ካለ የቆረጠ እጅ አለ፣
እጅም ካለ አንድ ማታ የራበው ሰው አለ።

ዶሮዋ ከመስታወቱ ወዲያ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣
ስንት ክረምት አለፈ፣ ስንቴ መሸ፣ ስንቴ ነጋ።
እንደተቀመጠች ናት።
አልጣለችም።
አባትየው አልዋሸም፤
ገና እንቁላሏ ውስጥ ናት።