ፍሬን የሌለበት ወገን

እሑድ ጠዋት ነው፤ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት፣
ኤድመንተን ገና አልነቃችም፤ ጭሷ ቀጥ ብሎ የቆመበት።
የተዘጋው የገበያ አዳራሽ፣ ሰፊው መኪና ማቆሚያ፣
ሁለት መብራት፣ አንድ የተረሳ ጋሪ፣ የበረዶ ክምር መጣያ።
ልጄ ኤፍራታ መሪው ላይ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት ከወር፣
እኔ በቀኝ በኩል፣ በእንግዳው ወንበር።

«ቀበቶ» አልኳት። «አስሬያለሁ» አለች።
«መስታወት» አልኳት። «አባ፣ አይቻለሁ» አለች።
ብጉሯን በፓውደር ደፍና፣ አገጯን ወደ ላይ ሰቅላ፣
ነዳች፤ መንገድ የሚባለውን እሷ የፈጠረችው መስላ።
የኔ ቀኝ እግር ግን ምንጣፉን ይረግጣል፣
ፍሬን በሌለበት ፍሬን ይይዛል።
«አባ፣ እግርህ!» ትላለች፣ ዓይኗን ከፊት ሳታነሳ፤
ሰበሰብኩት። ኩርባው ላይ ደግሞ ረገጠ፤ ረሳ።

እኔን ያስተማረኝ ኮቫል ነበር፣ የአክስቴ ጎረቤት፣
ቧንቧ ሠሪ፣ ዝምተኛ፣ ትንባሆ ትንባሆ የሚሸት፣
ጉልበቱ ሲታጠፍ የሚንቋቋ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፣
ከወንበር ለመነሳት ሁለቴ «እህ» የሚል ነበረ።
እኔ ዐሥራ ስድስት ነኝ፤ ሱሪዬ በወሩ የሚያጥረኝ፣
ድምፄ ወሬ መሐል ጥሎኝ እየሄደ የሚያሳፍረኝ፤
«ምስኪን ሽማግሌ» እላለሁ፣ «ይኼን ክረምት አይጨርስም»፤
እርጅና የሚባል ሰው እኔ ቤት አይደርስም።

አንድ ቀን ታዲያ፣ ወንዙ ዳር፣ ቁልቁለቱ ላይ፣
መኪናው ከእጄ ወጣ፤ ተሽከረከረ ምድርና ሰማይ።
ፍሬኑ ላይ ቆምኩ። «ልቀቅ!» አለኝ፤ «ፍሬን አይደለም መድኃኒቱ፣
ወደሚንሸራተትበት አዙር፤ እዚያ ነው ብልሃቱ።»
ወደፈራሁት አዞርኩ። ጎማው መሬት አገኘ።
ሲጋራ ለኮሰ ኮቫል፤ ስለ ነገሩ አልተቀኘ።

ከዚያማ ሃያዎቹን ነዳሁ፤ ነዳሁ ሳይሆን በረርኩ፣
ቅጣቱ በፖስታ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ እያጎርኩ፤
ኢንሹራንስ የሌላት ቶዮታ፣ አንድ ጎኗ የተጨረመተ፤
ውብአንቺ ቀኝ ወንበር የተቀመጠች ዕለት፣ እግሬ ነዳጁን ሳተ።
በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት፣
የሁለት ቀን ሰው ከኋላዬ፣ አፏን ከፍታ የተኛችበት፤
በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር፤ የሰው ጡሩንባ ሲያብድ፣
«ትተነፍሳለች?» እያልኩ፣ በዚያ ሁሉ መንገድ።
ይንፉ።

አርባዎቹ እንዴት እንደመጡ ግን አላየሁም፤
ምልክት አልነበረውም፣ ወይ እኔ አላነበብኩም።
የምግብ ዝርዝር አርቄ ስይዝ፣ ክንዴ እያጠረ፣
አንድ ጎረምሳ ፖሊስ «ጌታዬ» አለኝ፤ ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ።
ከሶፋው ስነሳ አንድ ማታ፣ ማን እንዳወጣው ሳላውቅ፣
«እህ» የሚል ከደረቴ ወጣ፤ ኤፍራታ ፈነዳች በሳቅ።
ከዚያ ሁለተኛው።

ዛሬ ጫማዬን ሳስር ኮቫል ትዝ አለኝ፤ ቁጭ አልኩ፣
ከቀብሩ ካርድ ላይ የተወለደበትን ዓመት ቀነስኩ፤
ደግሜ ቀነስኩ።
ያ «ምስኪን ሽማግሌ»፣ ያኔ፣
አርባ ሰባት ዓመቱ ነበር።
እኔም አርባ ሰባቴ ነው።

ይኼን ሳስብ ጎማው ከዳ፤ የመብራቱ ምሰሶ ዞሮ መጣ፣
«ወደሚንሸራተትበት…» ልል ስል፣ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ፣
አዞረችው። መኪናው ተንገዳገደ፣ ቀጥ አለ።
የኔ ልብ ግን ወደ ቦታው ለመመለስ ዋለለ።
«ማነው ያስተማረሽ?»
«ቪዲዮ አየሁ» አለች፣ ማስቲካዋን እያኘከች።
ቆየችና፣ «አባ፣ አንድ ዙር ብቻዬን… ትወርዳለህ?» አለች።

ወረድኩ። በሩ ተዘጋ። ቀዩ መብራት ዞረ፣
ከበረዶው ክምር ጀርባ ለአፍታ ተሰወረ።
እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ፊቴ ዘና ያለ ሰው ይመስላል፤
ቀኝ እግሬ ግን በረዶውን ይረግጣል፣ ይረግጣል።