ካቻቢቴ በጥርስ

ክረምት ነው፤ ቦርከና ጭቃውን አዝሎ ይወርዳል፤
እርጥበቱ በመስኮት ሾልኮ ኮምቦልቻን አልፎ ከፈትል ክፍል ያድራል።
ሦስተኛው ሞተር ጥጉን ይዞ፣ አመሉን ሳይለቅ ያጉረመርማል።
ጆሮ ላለው ሰው ደህና ነው፤
ደረቱ ላይ የለጠፍኳት ሴንሰር፣
ከክብሪት ቀፎ የማትበልጠው፣
ሌሊቱን ስትጽፍ ያደረችው ግን ሌላ ነው።

ሦስት ፌዝ ነው፤ ሦስት ወንድማማች፣
ሸክም እኩል ሊካፈሉ የተማማሉ፤
ሁለቱ ዐሥራ ስምንት አምፔር፣ ዐሥራ ስምንት ይላሉ፤
ሦስተኛው፣ ሃያ ተኩል።
ትንሽ ናት፤ ለወሬም አትበቃ።
ግን ትናንት ሃያ ነበረች፤
ከትናንት ወዲያ ከሌሎቹ እኩል ነበረች።
ጎኑም ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ
ከቀረው ገላ በዘጠኝ ዲግሪ ትሞቃለች፤
እንደ ሕፃን ትኩሳት፣ መሸት ሲል ትነሳለች።

"ይቁም" አልኩት ለአለቃዬ።
ሰዓቱን አየ፤ የክሩን ትዕዛዝ አየ፤ እኔን አላየም።
"ኩሽኔታ ነው፤ ግሪስ ይጠጣ። ካልሆነም ሙሄን ጠይቂ፤
እሱ ሳያውቀው የሚታመም ሞተር በዚህ ቅጥር የለም።"

ሙሄ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር ጠቀለለ፤
ደመወዙን በብር ተቀብሎ፣ ጆሮውን ለማሽኑ ከፈለ።
አሁን አይሰማም። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሳው።
ስሙን ሲጠሩት ሥራ የበዛበት ይመስላል፤ ብልሃቱ ነው።

መጣ። ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ፣ እጀታው ወይራ፤
ጫፉን ከብረቱ አሳረፈ፣
እጀታውን በጥርሱ ነከሰ፣
ዓይኑን ከደነ። በአጥንቱ ነው የሚያደምጠው፤
የሞተሩ ወሬ በመንጋጋው ገብቶ
የት እንደሚደርስ እሱ ነው የሚያውቀው።

እኔ ሰማያዊውን መስመር በታብሌት ይዤ
ለፈተና እንደቀረበች ተማሪ ቆምኩ።
ቆየ። እጀታውን በቱታው ጠርጎ፣
"ያንቺስ ስንት አለሽ?" አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ቤቱን አስደንግጦ።
ጣቶቼን ዘረጋሁ፤ ዘጠኝ።
"አብሽሪ" አለኝ፣ "አልዋሸሽም። ይቁም።"

እኔ ስል ያልቆመው፣ እሱ ሲል ቆመ።
ይህን አልረሳሁም፤ ግን ለሌላ ቀን ነው።

ክዳኑ ሲነሳ የከሰለ ቫርኒሽ ሸተተን።
ሁለት ዙር መዳብ፣ በአንድ ቦይ ጎን ለጎን የኖሩ፣
የለበሷት ስስ ቆዳ ተልጣ
ገላ ለገላ ተነካክተው ቀሩ።
ኤሌክትሪክ ሰነፍ መልእክተኛ ነው፤
ዙሪያ ጥምጥም ሂድ ያሉት፣ አቋራጭ ካገኘ ይቆርጣል፤
የቆረጠበትንም ያቃጥላል።

ሙሄ ጥቅልሉን አገላበጠ።
አንገቱን ያሰረችው ክር ላይ ጣቱ ቆመ፤
ቋጠሮዋ ወደ ግራ የዞረች።
በዚህ ቤት ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።
"የእኔ ናት" አለ።

"መንገድ የተዘጋ ጊዜ አንዲት ጣሳ ቫርኒሽ ነበረችኝ፤
ለአምስት ሞተር አካፈልኳት፣ እንደ መድኃኒት፣ በብሩሽ ጫፍ።
መዳቡንም ከሞተ ሞተር ፈትቼ ነው።
ስድስት ወር ከዞረ እሰየው ብዬ ነበር፣ በሆዴ፤
አራት ዓመት ዞረልን።"
ሳቀ። "ይቺ ዕቃሽ ቁጠባዬን አወጣችብኝ!"

ማታ ቅጹን ሞላሁ። "የብልሽቱ ምክንያት" የሚለው ጋ ስደርስ
መስመሩ አጭር ነው፤ ቢበዛ ሦስት ቃል ቢይዝ።
"የአጠቃለል ጉድለት" ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩ።
ቦታዋ ባዶዋን አደረች፤ አለቃዬ እስኪጠይቅ።

በማግስቱ ሙሄ አዲሱን መዳብ ያዞራል፤
ከንፈሩ ይቆጥራል፤
አርባ ስምንት፣ አርባ ዘጠኝ።
ቁጥሩ እንዳይጠፋው አብሬው እቆጥራለሁ።
ድምፄ አይደርሰውም፤
በየዐሥሩ ትከሻውን እነካዋለሁ።