ስንት ግድግዳ አለዎት?

«ስንት ግድግዳ አለዎት?» አለኝ ሙሉሰው፣
ከካርቶን ክምር ኋላ አንገቱ ብቅ ያለው፤
ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፣
ዛሬ ብቸና ላይ እኔን የሚፈትነው።

ሦስት ዕቃ ደረደረ በመስታወቱ ላይ፦
አንዱ ጆሮ የለውም፣ ሳሙና መሳይ፤
አንዱ ባለ ሁለት ቀንድ፤ ሦስተኛው በጀርባው
የተንጋለለ ሸረሪት፣ ስምንት እግሩን የሰቀለው።

«ይሄ» አለ፣ ሸረሪቱን በጣቱ ነካ ነካ፣
«ፍጥነቱ ለጉድ ነው፣ በምንም አይለካ፤
ግን ጭቃ አይደፍርም። ግድግዳ ካየ
እንደ ዓይን አፋር አማች ደጅ ቆሞ ቆየ።
ይሄ ባለ ቀንዱ ዝግ ይላል፣ አልዋሽም፣
ግን ጭድ፣ ጭቃ፣ ምርጊት፣ አንዱንም አይሸሽም።»

እኔ ፊዚክስ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት
በጠመኔ ሞገድ የሳልኩ ሰሌዳ ፊት፣
«ረጅሙ ያልፋል፣ አጭሩ ይታገታል»
ያልኩትም እኔው ነኝ። እሱ ግን ይሸጠዋል።

«ስንት ነው፣ መምህር?»
                  ጣቴን ቆጠርኩለት።
ከሳሎን እስከ ጓዳ አንድ። እናኑ ለፈተና
የምታጠናባት ክፍል ድረስ ሁለት።
ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጣቴ ተጣጠፈ፣
አፌም ቃሉን ይዞ ዝም ብሎ አለፈ።

ሦስተኛው የቆመው አባቴ በሞተ
ባርባው ማግሥት ነበር። ሽማግሌ ሜትር እየጎተተ፣
«ከዚህ ወዲህ ያንተ፣ ከዚያ የወንድምህ» እያለ
ሳሎኑን ለሁለት በባሕር ዛፍ ከፈለ።
ጭቃውን ባይነሳኝ በእግሩ ሲረግጥ
እኔ ጭድ በተንኩ፣ ቃል ሳንለዋወጥ።
ከዚያ ወዲህ አብረን የሠራነው የለም፤
እሱን ግን አሳምረን ነው፣ ዛሬም አልዘመመም።

ስድስት ዓመት ሆነው። ሲያስል እሰማለሁ፤
ሬዲዮ ሲከፍት ዜናውን አውቃለሁ፤
መብራት ሲሄድ እኩል እንጨልማለን፣
ሲመጣም «ተመስገን» በየፊናችን እንላለን።

«ሦስት ነው» አልኩት። «ሦስተኛው ይወፍራል።»
ብቸና ትንሽ ናት፤ ሙሉሰው ያውቃል።
ምንም ሳይጠይቅ ሸረሪቱን ካርቶኑ ውስጥ መልሶ
ባለ ቀንዱን ሰጠኝ፣ መቶ ብር ቀንሶ።

ማታ ስሰካው አረንጓዴ ዓይኑን ገለጠ፤
እናኑ «መሀል ይሁን» ብትል እጄ ሌላ መረጠ፦
ከዚያ ግድግዳ ሥር፣ ካባቴ ሳጥን ላይ፣
ቀንዱን አዞርኩት ወደ ማዶ እንዲያይ።
ስሙን «ቢሻው» አልነው፣ ያባታችንን ስም፤
ለጎረቤት ሁሉ ይታያል፣ አልሸሸግሁም።

«የይለፍ ቃሉስ?» አለችኝ።
«ዳለቻ።»
«ማን ነው?»
«በሬ ነው።»

ዳለቻን የሸጡት እኔ ማርቆስ ገብቼ እንድማር፤
ባይነሳኝ ያን ክረምት በመቀናጆ ነበር
የጎረቤት በሬ ተራ እየጠበቀ ያረሰ።
ደብተሩን ከጣራው ሥር ሰካ፤ አልመለሰ።
ይህን ቂም አንድም ቀን ባፉ አልተናገረ፤
ግድግዳው ነው የነገረኝ፣ ጭቃው እየደደረ።

ሰባት ፊደል ሆነ በላቲን ስትጽፈው፤
ስምንት ካልሞላ ዕቃው አይቀበለው።
«ቁጥር እንጨምር» አለች። «ሁለት» አልኳት።
ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፣ እኔም አላስረዳኋት።
ከዳለቻ ኋላ ጅራፍ የምንቀማማ
ሁለት ነበርን እኮ።

ሳምንት አለፈ። ሐሙስ ማታ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ፣
እናኑ ስልኳን አየች፣ ግንባሯን ቋጥራ በዝምታ፦
«አባ፣ ሦስት ዕቃ ነው ያለን፤ እዚህ አራት ይላል።
የማናውቀው ሰው ገብቷል።»

ከማዶ ሬዲዮው ጠፍቷል። ሳል ብቻ፣ ቀጥሎም
የሕፃን ሳቅ፣ አንድ ጊዜ፤ ከዚያ ምንም።
የበሬውን ስም ይገምት፣ እሺ፣ አብሮኝ ነው የነዳው፤
ያቺን ሁለትስ ማን ነገረው?

«ላስወጣው?» አለች፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆሟል።

«ተይው» አልኳት። «ዝግ ይላል እንጂ ለሁላችን ይደርሳል።»