ልክ

ልኩ የመጣልኝ በደብተር ወረቀት፣
አራት ቦታ ታጥፎ፣ በእርሳስ ተጽፎበት።
ደረት መቶ አራት፣ ወገብ ሰማንያ ስድስት፣
ትከሻ ሃምሳ አንድ።
«የማን ነው?» አልኩት።
«ያክስቴ ልጅ» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።
የቆመውን ትከሻ በዓይኔ ለካሁት፤
ሃምሳ አንድ ሞላ።
ዝም አልኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አምባሳደር ጎን፣ ሜትር ባንገቴ አንጠልጥዬ
ስንት ሙሽራ ሸኘሁ «ልክሽ ነው፣ ልክሽ ነው» ብዬ፤
ሰው ሲከሳ፣ ሲያብጥ፣ ተደብቆ ሲያረግዝ
ከናቱ ቀድሞ የሚያውቀው ይኼ ሜትር ነው፤
ሜትር ደግሞ አያወራም።

ቀዩን ሳቲን ቆረጥኩ፤ ከጎኑ መንጠቆ፣ ከጀርባው ዚፕ።
ሒሳቡን ሊከፍል ሲመጣ ከብሩ መሃል ቲኬት ወደቀ።
«ይምጡ» አለኝ፣ «ፒያሳ ነው፣ ምድር ቤት፣ ቅዳሜ ማታ።»
ለልጆቼ «ለቅሶ ልደርስ ነው» አልኩ፣ ሌላ ሰበብ ባጣ፤
ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ።

የጓሮው በር ላይ ዘበኛው አየኝ፣ ደግሞ አየኝና
«እማማ፣ ለቅሶው ከማዶ ነው» አለኝ በትሕትና።
ቲኬቴን ሲያይ አፉን በመዳፉ ያዘ።

ስልካችንን በዘምቢል ሰብስበው ከደጅ አስቀሩት።
አርባ የላስቲክ ወንበር፣ አንድ መብራት፣ የፀጉር ቅባት ሽታ፤
በጎኔ ነጭ ጫማዋን ያላወለቀች፣ ከሥራ የመጣች ነርስ፤
ከፊቴ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፍተው
ቀበሌ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ጸጥ።

ከዚያ ቀዩ ሳቲን ወጣ።
ማርያምን፣ መጀመሪያ ያየሁት ስፌቴን ነው፣
ዳሌው ላይ ሁለቴ ፈትቼ ያስተካከልኩትን።
ቀና ስል፣ ፊት፦
ሽፋሽፍቱ ብሩሽ ያህላል፣ ጉንጩ ላይ ብልጭልጭ፣
ከዱቄቱ ሥር ጠዋት የተላጨ ጢም።
ደረሰኝ ላይ «ይድነቃቸው» ብዬ የጻፍኩለት ልጅ
አሁን መሬት የሚባል ነገር የለም።

«ስሜ ድንቅነሽ ነው» አለች ወገቧን ይዛ፣
«ሙዚየም የተኛችው ሞክሼዬ ናት፤
እሷ የምታሳያችሁ አጥንቷን ብቻ፣
እኔ ሥጋም አለኝ፣ ቀስ እያልን እንደርስበታለን።»
የአንደኛው ሽማግሌ ባርኔጣ ከሳቁ ጋር ወደቀ።

ጓንቷን በጥርሷ ያዘች። አንድ ጣት።
ቆየች። ሌላ ጣት።
እኔ ዕድሜዬን ሰው ሳለብስ ኖሬ
ማውለቅም ሙያ መሆኑን ማን ነገረኝ?

ከዚያ ዚፑ ነከሰ።
ጀርባዋን ሰጥታን ሳበች፤ ሳበች፤
ከበሮው ጠበቃት፤ ደግሞ ጠበቃት፤
ትከሻዋ ላብ አወጣ፣ አንገቷ ወረደ፣
መሬት መሬት ማየት ጀመረ፣ ያ ልጅ።
የገበሩ ክር ነው። መብራት ሄዶ በሻማ የጨረስኩት፣
የኔ እጅ፣ የኔ ጥፋት።

እንዴት እንደተነሳሁ አትጠይቁኝ።
ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ፣ እንደ አልቃሽ፣ መድረክ ወጣሁ፤
ከቦርሳዬ መቀስ አወጣሁ።
ምላሴ ግን ተያዘ፤ «አንተ» ልበል? «አንቺ»?
አንዱን ስጠራ አንዱ ሊወድቅብኝ።
አማርኛ ደግ ነው፣ ለጭንቅ ቀን ያስቀመጠው ቃል አለው፦
«ይቅርታ፣ እርስዎ» አልኩ፣ «ትንሽ ትንፋሽዎን ይያዙልኝ።»
ቅጭ።

ዚፑ ሲወርድ እኔ አላየሁም፤ ፊቴ ወደ ሰዉ ነበር።
ሽማግሌዎቹ ቆመው ያጨበጭባሉ።
ነርሷ ታለቅሳለች። ለምን እንደሆነ እንጃ፤
ምናልባት ነጠላዬን አይታ።

በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግሬ፣ ታክሲ የለም፣
መቀሱ እጄ ላይ እንዳለ።
«ማን ነበር የሞተው?» አለች ልጄ በር ስትከፍት።
«ሬሳው አልተገኘም» አልኳት።

እነሱ ሲተኙ አሮጌውን ቀሚሴን አወጣሁ፣
ከአራስነቴ ወዲህ ደረቴን አልፎ የማያውቀውን፤
ጎንና ጎኑን ተረተርኩ፣ ከቀዩ ሳቲን የተረፈኝን ጨመርኩ፣
መኪናዬን በቀስታ እየረገጥኩ
እስኪነጋ ሰፋሁ።